ሰጋቱራ ያዘለው ድንኳን

ሰው ከጎልማሳነቱ በኋላ ሁለት ነገር እንዳይጀምር እመክራለሁ። አንደኛው ዋሽንት መማር ነው፤ ሁለተኛው እንጨት ሥራ። ዋሽንት የሚያስቀይመው ጎረቤትን ብቻ ነው። እንጨት ሥራ ግን ጎረቤትንም፣ ሚስትንም፣ ዶሮንም፣ አንዳንዴም የሞተን ሰው ሳይቀር ያስቀይማል። በግምት የምናገር እንዳይመስላችሁ። ሁሉንም በየተራ አስቀይሜ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ አዳማ የሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን «ሰለቸኝ፣ ሹፌር እሆናለሁ» አለና ዕቃውን ሁሉ ሸጠ። ገዢ ያጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማዕዘን የሚቆርጥ የኤሌክትሪክ መጋዝ። «ላንተ ይሁን፤ ጡረታ ስትወጣ ትሠራበታለህ» ብሎ አሰላ ድረስ ተሸክሞ አመጣልኝ። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ጡረታዬ ገና ነው። መጋዙን ግን ወንድሜ ከግቢው ሳይወጣ ሰካሁት።

ለማታውቁት ላስረዳ። ይህ መጋዝ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ክብ ጥርሳም ዲስክ አለው፤ እጀታውን ይዛችሁ ወደ ታች ስትጫኑት ጣውላው ላይ ይወርዳል። ዲስኩን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞራችሁ በሰያፍ ትቆርጡበታላችሁ። በሌላ አነጋገር የፎቶ ፍሬም ለመሥራት የተፈጠረ ነው። አሰላ ደግሞ ተመራቂ አታጣም፤ ተመራቂ ባለበት ፎቶ አለ፤ ፎቶ ባለበት ፍሬም። ሀብታም ልሆን ነው ብዬ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ፍሬሜ ሦስቱ ማዕዘን ግጥም አለ፤ በአራተኛው በኩል ዝንብ ሳታጎነብስ ታልፋለች።

ማዕዘኑስ ይሁን። ሰጋቱራው ነው እንጂ! እዚህ መጋዝ ውስጥ አንድ ጣውላ ስትከቱ ሁለት ጣውላና አንድ ጣውላ የሚያህል ሰጋቱራ ይወጣል። ፊዚክስ የሚያስተምረውን ባልደረባዬን ብጠይቀው «ሊሆን አይችልም» አለኝ። ቤቴ መጥቶ አየና ጃኬቱን እያራገፈ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ሄደ። ከመጋዙ ጀርባ የምትንጠለጠል አንዲት ከረጢት አለች፤ ሰጋቱራውን ትይዛለች ተብላ ነው የተሠራችው። ደህና ከረጢት ናት፤ ክፉ አልናገራትም። ሁልጊዜ ባዶ ሆና ነው የማገኛት።

መጀመሪያ የሠራሁት በረንዳ ላይ ነው። ባለቤቴ ዘነበች በማግሥቱ ምሳ ላይ ሽሮዋን ቀመሰች፤ ቆም አለች፤ እንደገና ቀመሰች።

«ሽሮው ምነው ሻከረ?» አለች።

«ወፍጮ ቤቱ ይሆናላ» አልኩ።

«ወፍጮ ቤቱ ጥድ ይፈጫል?» አለችና አፏን በውሃ ተጉመጠመጠች። «ስማ አንተ ሰው። አንዴ ነው የምነግርህ። ይሄን ነገርህን እንደገና ምግብ ውስጥ ካገኘሁት መጋዝህን ለቆራሌ ነው የምሰጠው። በአንድ ባልዲ! ክዳን እንኳ አልጠይቅበትም።»

ዘነበች ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ስለዚህ ወደ ጓሮ፣ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ተሰደድኩ። ሰርቪስ ቤቱ የዶሮዎቹ ማደሪያ ነው፤ በአንድ ጥግ ደግሞ የሠፈራችን እድር ንብረት ይቀመጥበታል፤ ድንኳኑ፣ ድስቶቹ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ። የእድሩ ንብረት ያዥ እኔ ነኝ። እንዴት እንደተመረጥኩ አላውቅም፤ በስብሰባው ቀን አርፍጄ ስገባ መርጠውኝ ነው የጠበቁኝ።

እዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ዶሮዎቹ ማሳል ጀመሩ። ዶሮ ሲያስል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። አዛውንት ሰው ነው የሚመስለው፤ ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ «ይግቡ» ብያለሁ። ስለዚህ ሰጋቱራውን ወደ ውጭ የሚገፋ ቬንትሌተር ፈለግኩ። አሰላ ውስጥ ቬንትሌተር መፈለግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ብርዳችንን የቀመሰ ያውቀዋል። ከመተሐራ ተዛውሮ የመጣ አንድ ባልደረባዬ አልጋው ሥር አስቀምጦት ኖሯል። መስኮቱ ላይ ወደ ውጭ አዙሬ ገጠምኩት። ጠዋት ጠዋት ነገሩ ሰመረልኝ፤ ሰጋቱራው እየተመመ ወጣ። ወደ ማታ ከጭላሎ ተራራ ነፋስ ወረደና ጠዋት ያስወጣሁትን በሙሉ መልሶ አስገባልኝ። የተራራ ነፋስ በቀን ወዴት፣ ወደ ማታ ወዴት እንደሚነፍስ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ፈተናም አወጣበታለሁ። የራሴ ግቢ ውስጥ ግን ወደቅኩ።

ጠዋት የወጣውም ቢሆን ሜዳ ላይ አልቀረም። በአጥሩ ላይ አልፎ ጋሽ ተሰማ ግቢ ገባ።

ጋሽ ተሰማን ላስተዋውቃችሁ። የጎን ጎረቤታችን ናቸው፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷም ሳጉሬ ተድራ እዚያው ሱቅ ትነግዳለች። በደህናው ዘመን የአንድ እርሻ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ግምጃ ቤቱ ቀረ እንጂ ኃላፊነቱ አልለቀቃቸውም። ሠፈሩን ሁሉ ሲቆጥሩ ይውላሉ። በእድር ስብሰባ መሃል ብድግ ብለው «የትልቁ ድስት ክዳን የት ገባ?» ብለው የእድሩን ዳኛ ጋሽ ገመቹን በሕዝብ ፊት አዋርደዋል። ወተት አመላላሿን ሴትዮ «ዛሬ መለኪያሽ ጎሎ ነው የመጣው» ብለዋታል። አስለቃሿን እማማ ደብሪቱን ደግሞ፣ ሰው እያለቀሰ ባለበት ጎናቸው ሄደው «ይህን ግጥም ባለፈው ለሌላ ሰው ብለሽዋል» ብለው አርመዋቸዋል። ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ሁልጊዜ ልክ ናቸው። ክዳኑም ጠፍቷል፤ መለኪያውም ጎሏል፤ ግጥሙም ተደግሟል። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሳሳቱ ኖሮ ሰው ይወዳቸው ነበር።

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ተሰማ ኮታቸውን ቆልፈው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በእጃቸው ፌስታል ይዘው ቆመዋል።

«ንብረትህን ተረከብ» አሉኝ።

ፌስታሉን ከፈትኩት፤ ሰጋቱራ ነው። ከግቢያቸው ጠርገው፣ ከጠጠር ለይተው፣ አፉን ቋጥረው ነው ያመጡት።

«ውይ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ይቅርታ በል አላልኩህም። የሰው ንብረት ግቢዬ አያድርም። ተረክቤያለሁ በል።»

አላልኩም። ለምን እንደሆነ አልጠይቃችሁ፣ አትጠይቁኝ። ፌስታሉን ተቀበልኩ፣ አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ያቺን ቃል ግን ምላሴ እምቢ አለ። እሳቸውም ትንሽ ጠበቁና ሄዱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። ከዚያም በሚቀጥለው። «ተረከብ»፤ ዝም። «ተረክቤያለሁ በል እንጂ አንተ ሰው!» ዝም። ዘነበች መስኮት ላይ ሆና ትስቃለች። ቡና አፍልታ «ይግቡ ጋሼ» ስትላቸው «ሥራ ላይ ነኝ» ይላሉ።

እኔም ሰጋቱራውን ላሸንፍ ተነሳሁ። ውሃ ብረጭበት ይተኛል ብዬ ወለሉን አራስኩት፤ ተኛ፣ እውነት ነው፤ ግን ተቦክቶ ተኛ። ጫማዬ ሥር እየተጋገረ ቁመቴን ጨመረልኝ፤ ጣውላዎቹም ውሃ ጠጥተው ተቆለመሙ። ቀጥሎ ከላቫጆ ቤት ቫኪዩም ክሊነር ተዋስኩ። ቱቦው ከመጋዙ አፍ ጋር አልገጥም ሲል ከጎሚስታው ባገኘሁት የብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠፍሬ አሰርኩት። በፊቱ እየጎረሰ በጀርባው ተፋው። ዶሮዎቹ በጀርባው በኩል ነበሩ። ያን ቀን ቀይዋን ዶሮ ከነጯ መለየት አልቻልንም። ማሽኑን ስመልስ የላቫጆው ባለቤት ከፍቶ አየው፤ «ቲቸር፣ ይሄ የመኪና ምንጣፍ እንዲጠርግ ነው የተሠራው፤ ጫካ እንዲጨርስ አይደለም» አለኝ።

ተስፋ ቆርጬ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ባልኩበት ነው ዓይኔ የእድሩ ድንኳን ላይ ያረፈው። ወፍራም ሸራ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ማንም አይፈልገውም፤ ያው እስኪፈለግ ድረስ። ዘርግቼ ከጣሪያው ማገር ላይ ሰቀልኩት፤ ከመጋዙ ኋላና ግራ ቀኝ እንደ ጎጆ አለበስኩት። መጋዙን አስነሳሁት።

ጸጥታ! ማለቴ መጋዙማ ይጮሃል፤ ሰጋቱራው ግን አንድም ቅንጣት አልወጣ። ሁሉም ሸራው ውስጥ ገብቶ፣ በእጥፋቱ፣ በስፌቱ፣ ገመድ በሚያልፍበት ኪስ ሳይቀር ተኝቶ ቀረ። ሽሮው ለሰለሰ። ዶሮዎቹ አገገሙ። ዘነበች «ኧረ ደግ ሆነሃል» አለችኝ። የእድር ንብረት ለግል ሥራ ማዋል እንደማይፈቀድ አልጠፋኝም። አራግፌ እመልሰዋለሁ፤ ማን ያያል? ብዬ ነው። ማራገፉ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት ተላለፈ።

በመጣው ቅዳሜ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ተሰማ ናቸው፤ እጃቸው ባዶ ነው።

«ዛሬ ምንም የለም» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ። መፍትሔ አገኘሁለት። ከእንግዲህ አይመጣብዎትም።»

«ጨርሶ ቀረ?»

«ጨርሶ ቀረ።»

«ደግ» አሉ። ትንሽ ቆሙ። ወደ ግቢያችን ውስጥ አየት አደረጉ፤ ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ዞረው ሄዱ። እኔም በሩን ዘግቼ ተገላገልኩ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙም አልቆየ፤ አንድ ጠዋት ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ጥሩንባ ነፊያችን ስም የሚጠራው በመጨረሻ ስለሆነ ሰው ሁሉ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። «ጋሽ ተሰማ አርፈዋል!» አለ። ሌሊት በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት፤ ወተት አመላላሿ አንኳኩታ መልስ ስታጣ ጎረቤት ጠርታ ነው የተገኙት። ደነገጥኩ። ደንግጬ ሱሪዬን ስታጠቅ ሌላ ድንጋጤ መጣብኝ፤ ድንኳኑ!

ጫማዬን ሳላስር ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ቀድመውኛል። ጋሽ ገመቹ የሠፈሩን ጎረምሶች አስከትለው ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ገብተዋል፤ ሸራውን ከማገሩ ላይ አውርደው እየጠቀለሉት ነው።

«ቆዩ! አንዴ ላራግፈው!» አልኩ።

«ኤሬ!» አሉ ጋሽ ገመቹ። «ሰው ሞቶ አንተ ሸራ ታራግፋለህ? ያ ኢጆሌ፣ እናንተ ልጆች፣ አንሱ!»

ኢጆሌዎቹ አነሱ። ምን ልበል? ድንኳኑን ለመጋዝ አልብሼው ነበር ልበል? በእድራችን ደንብ ይህን ያደረገ ከንብረት ያዥነቱ ይሻራል፣ በጉባኤ ፊት ቆሞ ይወቀሳል። ይህን አንቀጽ ካላስገባን ብለው የተሟገቱት ደግሞ ራሳቸው ጋሽ ተሰማ ናቸው።

ካፊያ ነበር። ድንኳኑ በካፊያው ውስጥ ተተከለ፤ ሸራው ራሰና ሰጋቱራውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ከሥር ሆኜ ቀና ብዬ ሳይ በየስፌቱ ቢጫ ቢጫ መስመር ይታየኛል። ሌላ ሰው ጌጥ ነው የሚመስለው። «ፈጣሪዬ፣ ዝናቡን እስከ ቀብር አቆይልኝ» አልኩ። ገበሬው ሁሉ ገብሱን ሊያስገባ ፀሐይ በሚለምንበት ሰሞን በአርሲ ምድር ዝናብ የለመንኩ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ለማንኛውም ብዬ ቤት ተመልሼ የመጋዙን መነጽር አደረግኩ፤ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ ዓይን ላይ ጥብቅ የሚል ነው። ያየኝ ሁሉ «ምን ሆነሃል?» ሲለኝ «ዓይኔን አሞኝ ነው» አልኩ።

ሰው መጣ። እድር ነውና መምጣቱንማ መጣ። ግን ለቅሶው እንዴት ያለ ደረቅ ለቅሶ መሰላችሁ! አንዱ ስለ ሮቤ መንገድ ያወራል፤ ሌላው ስለ ገብሱ፤ ወተት አመላላሿ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የላሟን ሕመም ለጎረቤቷ ትተርካለች። እማማ ደብሪቱ አንድ ጥግ ላይ ኩርምት ብለው ተቀምጠዋል። ጋሽ ገመቹ ጠጋ ብለው «እስቲ አንድ ሁለት ቃል ይበሉ እንጂ» ቢሏቸው «የምለው ሁሉ ተደግሟል» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ቂማቸውን አስታመው እዚህ አድርሰውታል።

የጋሽ ተሰማ ልጅ ሙሉ ከሳጉሬ በመጀመሪያው ሚኒባስ ደረሰች። ጥቁር ለብሳለች። ትጮሃለች ብለን ስንጠብቅ አልጮኸችም። ዙሪያውን አየች፤ የሰውን ወሬ ሰማች፤ ከዚያ እኔ የድንኳኑ ቋሚ ሥር ወደቆምኩበት መጣች። በእጇ የአባቷን ፎቶ ይዛለች።

«ቲቸር፣ ፍሬም ይኖርዎታል?»

ለአንድ ተመራቂ የሠራሁትን ከቤት አምጥቼ ፎቶውን አስገባንበት። ጋሽ ተሰማ ተኮሳትረው ያቺን ያልገጠመች ማዕዘን የሚያዩ ይመስላሉ። ቋሚው ላይ ሰቀልነው።

«ቲቸር፣ እውነት ይንገሩኝ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «እነዚህ ሰዎች አባዬን ሊያለቅሱለት ነው የመጡት ወይስ የእድር ቅጣት ፈርተው?»

«ኧረ ምን ነካሽ ልጄ!»

«የባለቤቴ ቤተሰቦች እየመጡ ነው። አባትሽን አንድ ሰው እንኳ አላለቀሰለትም ሊሉኝ ነው። እሱስ ይቅር…» አለችና የፎቶውን አንድ ጎን ቀና አደረገች። «የኔም እንባ እምቢ አለ። ከጠዋት ጀምሮ እምቢ አለ። ሁልጊዜ ይቆጣኝ ነበር እኮ። ለመጨረሻ ጊዜ ስመጣም የሱቄን ሚዛን ጠይቆኝ ተኮራርፈን ነው የተለያየነው። አባት ሞቶ የማታለቅስ ልጅ ምን ይሏታል?»

አንጀቴን በላችው። «ይለቀስላቸዋል፣ አይዞሽ» አልኩ። ከየት አምጥቼ እንደምለው እንጃ።

የሳጉሬ አማቶቿ የደረሱት አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ሲል ነው። ሚኒባሱ እንደቆመ ፀሐይ ወጣች። የአርሲ ፀሐይ ስትወጣ ትወጣለች፤ ሸራው መጨስ ጀመረ፤ ደረቀ። ቀና ብዬ አየሁ። ቢጫዎቹ መስመሮች መሰነጣጠቅ ጀምረዋል። እንግዶቹ ገቡ፤ ሰው ሁሉ ብድግ አለላቸው። በዚያችው ቅጽበት ነፋስ መጣ። ድንኳኑ ተነፋ፤ ከፍ አለ፤ ቧ! ብሎ ተመለሰ።

ወረደ። እናንተዬ፣ ወረደ! የስንት ሳምንት ጥድ፣ ዱቄት የሆነ ደረቅ ጥድ፣ ከላይ እስከ ታች ጸጥ ብሎ ወረደ። መጀመሪያ ማንም አላስተዋለም። ቀድመው ዓይናቸውን የያዙት ጋሽ ገመቹ ናቸው። እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ከጎናቸው የነበሩት ሰዎች «ጋሽ ገመቹ እንኳ!» ብለው ሊደነቁ ሲሉ እነሱም ዓይናቸውን ያዙ። ወተት አመላላሿ የላሟን ነገር ከመሃል አቋርጣ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጫነች። ቄሱ ሳላቸው መጣና ድምፃቸው ተቆራረጠ፤ ሰው ሐዘን ያነቃቸው መሰለው። አንዱ ሲያለቅስ ሌላው አየ፤ ሌላው ሲያይ ባሰበት።

እማማ ደብሪቱ ጉንጫቸውን ዳሰሱ። እርጥብ ነው። እጃቸውን አዩት። ስንት ዘመን ሰው ሲያስለቅሱ ኖረው የራሳቸው ጉንጭ ሲርስ አያውቁም ይባላል። ብድግ አሉ፤ ደረታቸውን መቱ፤ በዚያ በሚያስገመግም ድምፃቸው አወጡት፦

«የጎደለ ክዳን ማን ይጠይቅልን፣
አጥር ያለፈውን ማን ይመልስልን።»

አልተደገመም። ለማንም ያላሉት ግጥም ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሰጋቱራ ማሳበብ አይቻልም። ወተት አመላላሿ «እውነት ነው፣ ጎሎ ነበር! እኔ ነኝ ያጎደልኩት!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ያገረሸበትን ማውጣት ጀመረ፤ አጥሬን ያስተካከለልኝ፣ የልጄን ሂሳብ ያረመልኝ፣ ልክ ነህ ሳልለው የሞተብኝ እያለ። ሙሉም ያን ጊዜ ነው የወጣላት። የአባቷን ፎቶ ከቋሚው አውርዳ አቅፋ «አባዬ፣ ሚዛኑ ተስተካክሏል! ተስተካክሏል እኮ አባዬ!» እያለች አለቀሰች። የሳጉሬ አማቶች እርስ በርስ ተያዩ። «ይህን ያህል የሚወደድ ሰው ነበር እንዴ!» ሲሉ ሰማኋቸው። አንዲት አሮጊት ደግሞ አየሩን ማግ ማግ አድርገው «ሽታው ይሸታችኋል? የደግ ሰው ነፍስ ስትወጣ እንዲህ ያለ መዓዛ ይወርዳል» አሉ። የጥድ ነበር፤ እኔ ምን አግብቶኝ።

ሙሉ ፎቶውን ልታስተካክል መስታወቱን በነጠላዋ ጠረገችው። ጣቷን አየች፤ አሸተተችው። ቀና ብላ ድንኳኑን አየች፤ ከዚያ እኔን፣ ከነመነጽሬ። ፎቶውን ይዛ ከአስከሬኑ ኋላ ሄደች።

ማታ ዘነበች ጋቢዬን በረንዳ ላይ ስታራግፍ ግቢው ቢጫ ሆነ።

«በል ገብቶኛል፣ ሁሉም ገብቶኛል» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው ያልገባኝ። ሰዉን ሰጋቱራ አስለቀሰው። አንተን ምን አስለቀሰህ? ያን መነጽርህን አድርገህ አልነበር?»

«ላብ ነው» አልኩ።

«በዚህ ብርድ?»

ጋቢዬን ከእጇ ተቀብዬ ገባሁ።

በሰልስቱ ድንኳኑ ሲነቀል ከገመዱ ኪስ የተረፈው በሙሉ ጋሽ ገመቹ ባርኔጣ ላይ ተዘረገፈ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ቆንጥረው አዩት፤ እኔን አዩኝ። አለቀልኝ አልኩ።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ዘነበች ነን። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

ጎረምሶቹ ራቅ እስኪሉ ጠበቁ። «ዳኝነት ክፉ ሥራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ። እንግዲህ የኔ ቀን የደረሰ እንደሆነ…» ጆሮዬ ድረስ ጎንበስ አሉ። «እንዳታራግፈው።»

ሙሉ ወደ ሳጉሬ የተመለሰችው በማግሥቱ ነው። ከመሄዷ በፊት በሬን አንኳኳች። በእጇ ትንሽ ፌስታል ይዛለች፤ አፉ ተቋጥሯል።

«ከአባዬ በር ኋላ አገኘሁት» አለች። «ኮቱ ሥር አስቀምጦት ነበር። የእርስዎ ይመስለኛል።»

ከፈትኩት። አንድ እፍኝ የማይሞላ ሰጋቱራ ነው፤ ያውም የቆየ፣ ዝናብ የመታው፣ የጠቆረ። መሃሉ ላይ ሙጃና የቆርቆሮ ዝገት አለበት። ሙሉን አየኋት።

«አሸንዳው ውስጥ የቀረውን ነው የለቀመው» አለች። «መሰላሉ ከግድግዳው ጋር እንደቆመ ነው ያገኘሁት። ምን ብሎ በዚያ ዕድሜው እንደወጣ አላውቅም። አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ምን ይሠራለታል?»

ባዶ እጃቸውን በሬ ላይ የቆሙባት፣ መምጫ ያጡባት ቅዳሜ ትዝ አለችኝ። ዘነበች ከኋላዬ መጥታ ፌስታሉን አየች፤ ቡናው ፈልቶ ነበር፣ «ግቢ ሙሉዬ፣ አንድ ስኒ ጠጥተሽ ትሄጃለሽ» አለቻት። ሙሉ ሚኒባሱ እንዳያመልጣት ሰዓቷን አየች፤ ቢሆንም ገባች።

እኔ ፌስታሉን ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ወዲያ ማዶ መሰላሉ ይታያል። ሰው እንደማይሰማኝ ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

«ተረክቤያለሁ ጋሼ» አልኩ።